ዓይን የማያየው፣ ምላስ የማይለየው ብክለት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር)

  

ውሃ በሙስሊም ቤት ውስጥ ከመጠጥነት ያለፈ ቦታ አለው። ቀናችን የሚጀምረው በፈጅር ውዱእ ነው። ሰላታችን ያለ ጠሃራ አይቆምም። ከዚህች ዓለም ስንሰናበትም ጀናዛችን የሚታጠበው በውሃ ነው። ስለዚህ የውሃ ንጽሕና ጉዳይ ለመሐንዲሶችና ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የእያንዳንዳችን ቤት ጉዳይ ነው።

በመድረሳ ያለፈ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው መመዘኛ አለ። ብዙ ውሃ በነጃሳ መበከሉን የምንለይባቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ። ይህ መመዘኛ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እረኛውም ነጋዴውም በየደረሰበት ይሠራበታል። ዛሬ የምናነሳው ብክለት ግን ከሦስቱ አንዱንም የማይለውጥ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አልተለወጠም። በውስጡ ግን የመድኃኒት ርዝራዥ አለ።

ከላሆርና ከላ ፓዝ ቀጥሎ

እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመራው ትልቅ ጥናት ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎቹ በ104 አገሮች ከሚገኙ 258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ውሃ ቀድተው 61 ዓይነት የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ፈለጉ። ከቦታዎቹ ሩብ ያህሉ ላይ ቢያንስ አንዱ ንጥረ ነገር ለውሃ ፍጥረታት አያሰጋም ከሚባለው ወይም ጀርሞችን ከመድኃኒት ጋር አያላምድም ከሚባለው መጠን በልጦ ተገኘ።

ጥናቱ ከሸፈናቸው ቦታዎች መካከል በአማካይ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በፓኪስታኗ ላሆር ሲሆን በአንድ ሊትር ውሃ 70.8 ማይክሮግራም ነበር። ሁለተኛዋ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ 68.9 ማይክሮግራም አስመዘገበች። ሦስተኛዋ የእኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ 51.3 ማይክሮግራም። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ይህ ቁጥር የአዲስ አበባ ነው፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ምን አገናኛቸው የሚል አድማጭ ይኖራል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ውሃ ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ተዳፋቱን ተከትሎ ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ብዙ አሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃ የሰጠው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በቡራዩ በኩል ነው። ትንሹ አቃቂ ከዚያው አቅጣጫ ተነስቶ የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። የሰበታም ወንዝ መድረሻው አዋሽ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ናት፤ ውሃዋ ወደ ሙገር፣ በሙገርም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል።

እንግዲህ አስተውሉ። እነዚህ ሦስት ከተሞች የተቀመጡት በሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ራስጌ ላይ ነው። ከእነርሱ የሚወጣ ፍሳሽ በአንድ ወገን የአቃቂን ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣው ገበሬ ዘንድ ይደርሳል፤ እየቀጠነም ቢሆን ግመሎቹን ከአዋሽ የሚያጠጣው የአፋር ወንድማችን አገር ድረስ ይወርዳል። በሌላው ወገን የዓባይን መንገድ ይይዛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩንን የመርከቢቱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከታች ያሉት ውሃ ለማግኘት ብለው መርከቢቱን ቢሸነቁሩና ከላይ ያሉት ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ። በእኛ ሁኔታ መሸንቆሪያው በላይኛው ወገን ባለነው እጅ ነው፤ ጉዳቱም ቀድሞ የሚደርሰው ከታች ላሉት ነው።

መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ እንዴት ገባ?

የመጀመሪያው መንገድ የራሳችን ሰውነት ነው። የዋጥነው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አይቀርም። ከአሞክሲሲሊን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ሜትፎርሚን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ እንዳለ ይወጣል። ባነሳነው ጥናት ከግማሽ በሚበልጡት ቦታዎች ላይ የተገኙት ሦስት ነገሮች ይኸው ሜትፎርሚን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዘፒንና በቡናችን ውስጥ ያለው ካፌይን ነበሩ።

ሁለተኛው መንገድ አወጋገዳችን ነው። ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ በቧንቧ ይደፋል፤ የተረፈ ኪኒን መጸዳጃ ጉድጓድ ይጣላል። ሦስተኛው መንገድ ከብቶቻችን ናቸው። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ የአዲስ አበባን ወተት ከሚመግቡ አካባቢዎች መካከል ናቸው። ለላሞች የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በሽንትና በእበት ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ አጥቦ ወንዝ ያስገባዋል። አራተኛው የሆስፒታሎችና የፋብሪካዎች ፍሳሽ ነው።

የፍሳሽ ማጣሪያ የለም ወይ ብትሉ፣ አለ። የቃሊቲው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ተደርጓል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በየትም አገር መጀመሪያ የተነደፉት ለዓይነ ምድርና ለመሰል ቆሻሻ ነው። የሚበሰብሰውን ባክቴሪያ ይበላዋል፣ የሚዘቅጠው ይዘቅጣል። እንደ ካርባማዘፒን ያለው መድኃኒት ግን አይበሰብስም፣ አይዘቅጥም፤ እንደገባ ይወጣል። በዙሪያ ከተሞቻችን ደግሞ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ከዚያ የሚሰርገው ፍሳሽ ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይወርዳል።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምን ያደርጋል?

አላህ ፍትሐዊነትን አዞናልና ነገሩን ሳናጋንን እንመዝነው። አንድ የፓራሲታሞል ኪኒን 500 ሚሊግራም ነው። በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ካለበት የወንዝ ውሃ የአንድ ኪኒን ክብደት ያህል ርዝራዥ ለማግኘት ወደ 10,000 ሊትር ገደማ መጠጣት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት መጠን የሰውን ጤና ይጎዳል ተብሎ የሚጠበቅ እንዳልሆነ ገልጿል። ስለዚህ ዛሬ ከቧንቧ ውሃ የጠጣ ሰው አይደንግጥ።

ታዲያ ጭንቀቱ ምንድን ነው? እኛ ከወንዙ ቀድተን እንሄዳለን፤ በወንዙ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት ግን ቀንም ሌሊትም እዚያው ናቸው። ከእነርሱ መካከል ባክቴሪያዎች አሉ። የማይገድላቸው ትንሽ የአንቲባዮቲክ መጠን ሲያገኙ ይለማመዱታል፤ የለመዱትም ይራባሉ። ከዚያ በዚያ ውሃ በጠጣ ሰላጣ፣ በልጅ እጅ፣ በእንስሳ በኩል ወደ ቤታችን ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት የሆኑበት ሞት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን እንደነበር በ2022 የወጣ ጥናት ገምቷል። በፍሳሹ ከምናወጣው የሚመለስብን ዕዳ ይህ ነው፤ ነገ ልጃችን ሳንባው ሲቆጣ ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።

ለአንዱ ፍጥረት ፈውስ የሆነው ለሌላው መርዝ እንደሚሆን ደግሞ የጥንብ አንሳዎች ታሪክ ያስተምረናል። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ለከብቶች ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በሰፊው ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ ያለበትን የከብት ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታወቅ ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ከ100 ወደ 95 የሚሆነውን ቁጥራቸውን አጥተው ነበር። ዲክሎፌናክ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ታገደ። ሰው ግን እነዚያን አእዋፍ ለመግደል አስቦ አልነበረም።

ከባሕር አረም የሚሠራው ከሰል

አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒቱን እንዳወረደ እናምናለን። ለዚህ የውሃ በሽታ ሳይንቲስቶች ከሚሞክሯቸው መድኃኒቶች አንዱ ከሰል ነው። ይህ በምድጃችን የምናነደው ከሰል አይደለም። ባለሙያዎች አክቲቬትድ ካርቦን ይሉታል፤ እኛ የማጣሪያ ከሰል እንበለው። እንጨት፣ የኮኮናት ቅርፊት ወይም ሌላ ተክል አየር በሌለበት በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይከስላል። ከዚያም በእንፋሎት ወይም እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለ ኬሚካል ይታከማል። በዚህ ጊዜ ከሰሉ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። የአንድ ግራም ከሰል የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላው ከሰል የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ስፋት አለው ማለት ነው። ውሃው በዚያ ሲያልፍ የመድኃኒቱ ቅንጣቶች በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። መርዝ ለጠጣ ሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ጥቁር ዱቄትም ይኸው ነው።

የባሕር አረም ወደዚህ ሥራ የገባው ስለተትረፈረፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሳርጋሱም የተባለው ቡናማ የባሕር አረም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እየተራባ የካሪቢያን አገሮችን ዳርቻ ያጥለቀልቃል። ሲበሰብስ ይሸታል፣ ዓሣ አስጋሪውን ሥራ ያስፈታል። ተመራማሪዎች ይህን መቅሰፍት ሰብስበው፣ ጨውን አጥበው፣ አድርቀውና አክስለው የማጣሪያ ከሰል ይሠሩበታል። በቤተ ሙከራ ፓራሲታሞልንና አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ከውሃ ውስጥ መያዝ እንደሚችልም አሳይተዋል።

ወሰኑንም አብረን እንናገር። ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ከሰሉ ሥራውን ያቆማል፤ ያን ጊዜ መቀየር ወይም እንደገና በከፍተኛ ሙቀት መታደስ አለበት። የያዘውን ይዞ ሜዳ ላይ ከተጣለ ብክለቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። መድኃኒቶችም እኩል አይያዙም። ካርባማዘፒን በከሰል ላይ በደንብ ይጣበቃል፤ ሜትፎርሚን ግን ከውሃው ጋር መሄድን ይመርጣል። በቆሸሸ ፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ሌላው ቆሻሻ ቀዳዳዎቹን ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ከሰሉ የሚገባው ፍሳሹ በሌላ መንገድ ከተጣራ በኋላ ነው።

በሰፊው የጀመሩት አገሮች ይህን ተገንዝበው ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዋና ዋና ማጣሪያዎቿ በከሰል ወይም በኦዞን ጥቃቅን በካዮችን እንዲቀንሱ በሕግ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከዚህ ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲሸፍኑ ወስኗል። ከሽያጩ ያተረፈ ከጽዳቱም ይካፈል ማለት ነው።

ባሕር የሌለን እኛስ?

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። የባሕር አረም ከሩቅ ማስጫንም አይጠበቅብንም፤ የራሳችን መቅሰፍት አለን። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲፈታተን ቆይቷል። በቆቃና የአዲስ አበባ ፍሳሽ በሚጠራቀምበት በአባ ሳሙኤልም ይታያል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከእምቦጭ፣ ከቡና ገለባና ከጤፍ ጭድ የማጣሪያ ከሰል ለመሥራት ተሞክሯል፤ ሙከራው በአብዛኛው ያተኮረው በቀለምና በብረታ ብረት ብክለት ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጥርስና አጥንት የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ከውሃ ለማውጣት ከከብት አጥንት የተሠራ ከሰል በማኅበረሰብና በቤት ደረጃ አገልግሎት ላይ ውሏል። ከሰልን ለውሃ ማጣሪያ መጠቀም ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ኬሚስትሪና ምሕንድስና የምትማሩ ልጆቻችን፣ የሠፈራችሁ ወንዝ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እየጠበቀ ነው።

የዲን ጥያቄም ይነሳል። የተጣራ ፍሳሽ ለውዱእ ይሆናል ወይ? የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ይህንኑ መርምሯል። የፍሳሽ ውሃ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ በሚገባ ከተጣራና ታማኝ ባለሙያዎች ይህን ከመሰከሩ ጠሃራ ሊደረግበት እንደሚችል ወሰነ። ከዚያም አስፈላጊ ነጥብ አከለ፤ ውሃው ለጤና የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ሊራቅ ይገባል፤ ይህም ነጃሳ ስለሆነ ሳይሆን ጉዳትን ለመከላከል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። ውሃው ጧሂር ነው ወይ የሚለው አንዱ ነው። ሰውን ይጎዳል ወይ የሚለው ሌላው ነው። ለመጀመሪያው ሦስቱ ምልክቶች ይመሩናል፤ ለሁለተኛው የባለሙያ ምስክርነት ያስፈልገናል። በዝርዝሩ ላይ በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

ከየቤታችን የሚጠበቅ

የማጣሪያ ከሰል የመጨረሻው በር ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው በር ያለው በእናቶቻችንና በአባቶቻችን እጅ፣ በቤታችን መድኃኒት ማስቀመጫ ዘንድ ነው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ይህን ሰምታችሁ እንዳታቋርጡ። የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይውሰዱ፤ ነፍስ አማና ናት። አንቲባዮቲክን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛ፤ ለጉንፋን አንዋጠው፤ ከጎረቤት አንዋዋሰው፤ የታዘዘልንንም እንደታዘዘው እንጨርስ። ያልተገዛ መድኃኒት ወንዝ አይገባም።

የተረፈና ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ካለ በቅድሚያ ፋርማሲውን ወይም ጤና ጣቢያውን ይረከቡን እንደሆነ እንጠይቅ። የሚረከብ ከጠፋ ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥተን ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ለውሰን፣ በፌስታል አጥብቀን አስረን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር እናስወግደው። ሕፃንም ከብትም እንዳያገኘው እንጠንቀቅ። ቧንቧ፣ ቦይና መጸዳጃ ግን የመድኃኒት መጣያ አይሁኑ።

ላም የምታረቡ ወንድሞችና እህቶች፣ መድኃኒት ለወሰደች ላም የእንስሳት ሐኪሙ የሰጣችሁን የመታቀቢያ ቀናት ጠብቁ። ከዚያ በፊት የታለበውን ወተት መሸጥ ገዢውን ማታለል ነው፤ የሪዝቃችሁንም በረካ ይነካል። እበቱን ከጅረት አርቃችሁ አከማቹ። ጉድጓድ የምትቆፍሩም የውሃውን ጉድጓድ ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ፤ በተዳፋት መሬትም ውሃው ከላይ ይሁን።

ውሃ ማፍላትና ውሃ አጋር መጨመር የመድኃኒት ርዝራዥን አያስወግዱም። ቢሆንም እንዳትተዉአቸው! ልጆቻችንን ዛሬ በተቅማጥ የሚያሳምመው ጀርም ነው፤ እርሱን የሚገድሉት እነዚህ ናቸው። የምድጃ ከሰል ወደ መጠጥ ውሃ መጨመርም ምንም አይፈይድምና ማንም እንዳይሞክረው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የውዱእ ፍሳሽ ከመጸዳጃው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ቦይ ቢሠራለት ዛፍ ያጠጣል፤ የመጸዳጃው ታንክም ቶሎ አይሞላም። ከአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ የተረፈ መድኃኒት የሚረከብ ቦታ ማመቻቸትና ከጁሙዓ በኋላ ለጀመዓው ማሳወቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ኸይር ሥራ ነው።

ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ለሟች እናታቸው ሰደቃ ሊሰጡ በፈለጉ ጊዜ የተመላከቱት ውሃ ማጠጣትን ነበር፤ እርሳቸውም ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጉድጓድ ማስቆፈር ለሁላችን ላይገራ ይችላል። ከታች ያለው ወንድማችን የሚቀዳውን ጉድጓድ አለመበከል ግን ዛሬ ማታ፣ በየቤታችን፣ ያለ አንድ ሳንቲም የሚቻለን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ውሃችንን ይባርክልን፤ ለሕሙማኖቻችን ሺፋእ ያውርድልን፤ የሰጠንን ኒዕማ ጠብቀው ለልጆቻቸው ከሚያስረክቡት ያድርገን። አሚን።